የጫካ ዘበኛና የጫካ ሌባ በአዲስ አበባ ዙሪያ

አዲስ አበባን የከበቡት ተራሮች ባለቤት የሌላቸው ይመስላሉ። በሰሜን እንጦጦ፣ በሰሜን ምሥራቅ የካ፣ በደቡብ ምዕራብ ፉሪ፣ በምዕራብ ደግሞ ወጨጫ አለ። በወጨጫ ቁልቁለት ላይ የመናገሻ ሱባ ደን ተዘርግቷል። እዚያ ድኩላ፣ ሚዳቋ፣ ከርከሮና ጉሬዛ ይኖራሉ፤ ነብርም አይጠፋም። ከተማው ደግሞ እንጨት ይፈልጋል፣ መሬት ይፈልጋል፣ አንዳንዱም ሥጋ ያምረዋል። ይህ ጽሑፍ በዚህ ዳርቻ ማን ሳይፈቀድለት እንደሚገባ፣ ምን እንደሚሰረቅና ጠባቂው ምን ማድረግ እንደሚችል ይዳስሳል።

በሌላ አገር የአደን መሬት የግል ሊሆን ይችላል። ባለቤቱ አጥር ያጥራል፣ “መግባት ክልክል ነው” ብሎ ይለጥፋል፣ አጋዘኑን የገደለበትን ሰው ይከሳል። እኛ ጋ እንዲህ ያለ ባለመሬት የለም። የገጠር መሬት በየካቲት 1967 ዓ.ም. በአዋጅ ወደ መንግሥት ከዞረ ወዲህ መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 ይህንኑ አጽንቷል። የዱር እንስሳውም የግል አይደለም። ገብሱን ድኩላ የበላበት ገበሬ እንኳ ያለ ፈቃድ ሊገድለው አይችልም። ሕጋዊ አደን አለ፤ ግን በፈቃድ፣ በተከለለ ቀጠናና በባለሙያ አጃቢነት ነው። ስመ ጥሩ የደጋ አጋዘን የሚታደነውም ከዚህ ራቅ ብሎ፣ በአርሲና በባሌ ደጋ ነው። ፈቃድ ያለው አዳኝ ቢሆን እንኳ በወጥመድ አያድንም። ስለዚህ ወጨጫ ጥግ የሽቦ ወጥመድ ይዞ የተገኘ ሰው የሚያቀርበው ሰበብ የለም።

የመናገሻ ሱባ ታሪክ ረጅም ነው። ደኑ በ15ኛው ክፍለ ዘመን በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ትእዛዝ፣ በሰሜን ሸዋ ካለው የወፍ ዋሻ ደን በመጣ የጽድ ዘር እንደተተከለ ይነገራል። በአፄ ምኒልክ ዘመንም የመንግሥት ጥብቅ ደን ሆነ። እንጦጦ ግን ዕድሉ ሌላ ነበር። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ በዙሪያው ያለው ዛፍ ተጨፍጭፎ አለቀ። የማገዶ ችግሩ በጣም ከመክፋቱ የተነሳ ምኒልክ በ1893 ዓ.ም. ገደማ ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ግንባታ አስጀምረው ነበር። ያዳነን ባሕር ዛፍ ነው። ውሃ ይመጥጣል፣ አፈር ይጎዳል የሚለው ወቀሳ እንዳለ ሆኖ፣ የአዲስ አበባ ምጣድ ለብዙ ዓመት የጋለው በእሱ ነው።

የሚገቡት እነማን ናቸው?

ሳይፈቀድለት የገባ ሁሉ አንድ ዓይነት ሌባ አይደለም። ጥበቃውም ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ይህ ልዩነት ሲጠፋ ነው።

ብዙዎቹ ጭራሮና ቅጠል የሚለቅሙ ሴቶች ናቸው። በሌሊት ተነስተው እንጦጦ ይወጣሉ። 30 ኪሎ የሚያልፍ ሸክም በገመድ አስረው፣ ወገባቸው እስኪጎብጥ ተሸክመው ወደ ሽሮ ሜዳ ይወርዳሉ። እነዚህ ሴቶች ለዓመታት በዘበኛ ሲባረሩ፣ ገመዳቸውን ሲነጠቁና ገንዘብ ሲጠየቁ ኖረዋል፤ ከዚያም የከፋ በደል የደረሰባቸው አሉ። ከፊሎቹ ተደራጅተው ወደ ሽመና ገብተዋል። የወደቀ ቅጠል የጠረገችን ሴት ማሳደድ ለእኔ ጥበቃ አይባልም። ቅጠሉን ጨርሶ መጥረግ አፈሩን እንደሚያራቁት እውነት ነው። ነገር ግን በቀንና በቦታ ለይቶ መፍቀድ ይህንን ይፈታዋል።

ጽድ ቆራጩ ሌላ ነው። ጽድ ምስጥ የማይደፍረው፣ ቶሎ የማይበሰብስ እንጨት ነው። ለአጥር ቋሚ ከእሱ የሚወዳደር ጥቂት ነው። ለመድረስ ግን ብዙ አሥርት ዓመታት ይፈልጋል። ሌባው ዝናብና ነፋስ ያለበትን ሌሊት ይመርጣል፤ የመጥረቢያው ድምፅ ይዋጥለታል። ብልጡ በእጅ መጋዝ ይቆርጥና ጉቶውን በአፈርና በቅጠል ይሸፍነዋል። ሥራው ብቻውን አይደለም። ከበስተጀርባው አህያ የሚያከራይ፣ የሚገዛ ደላላና አይሱዙ የሚያቆም ሰው አለ። የሚያዘው ግን ሁልጊዜ መጥረቢያ የያዘው ነው።

ሦስተኛው ወጥመድ የሚያጠምደው ነው። የሚፈልገው የምኒልክ ድኩላን ነው፤ በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ የሚገኝ የድኩላ ዝርያ ነው። ወንዱ ጠቆር ያለና ቀንዳም ነው፤ ሴቷ ቀላ ያለች ናት። ዓይነ አፋር ነው። ጧትና ማታ ይወጣል፣ ቀን ቁጥቋጦ ውስጥ ይተኛል፣ ሲደነግጥ እንደ ውሻ ይጮኻል። አንድ ክፉ ልማድ አለው፤ ወደ ውሃና ወደ ግጦሽ የሚሄድበትን መንገድ ቶሎ አይቀይርም። አጥማጁ ይህን ያውቃል። የሞተር ሳይክል ፍሬን ሽቦ ወይም ሌላ ቀጭን ሽቦ ቋጥሮ፣ በድኩላው አንገት ቁመት ልክ ጠባቧ መንገድ ላይ ይዘረጋዋል። ጫፉን ከሥር ወይም ከግንድ ጋር ያስረዋል። ግራና ቀኙን በቅርንጫፍ ይዘጋና እንስሳው በመሃል እንዲያልፍ ያስገድደዋል። ሽቦው አይመርጥም። ጥጃም ውሻም ያንቃል። ከርከሮ ከያዘ ደግሞ የሚበላው ስለሌለ እዚያው ይሸታል። በውሻና በጦር የሚያድኑም አሉ፤ እነሱ ግን ጫጫታቸው ያጋልጣቸዋል።

ከብት የሚያስገባ እረኛ፣ ማር ሲቆርጥ ጭሱ ወደ እሳት የሚዞርበት ሰው፣ ሣር አጫጅ፣ እነዚህ ሁሉ በየወቅቱ አሉ። የባሰው ግን ድንበር ገፊው ነው። ዘንድሮ አንድ ፈር ያርሳል፣ ለከርሞ ሁለት። የድንበር ድንጋዩን በሌሊት ፈንቅሎ ወደ ላይ ያስጠጋል። ከተማው ሲጠጋ ደግሞ ፈሩ ጨረቃ ቤት ይሆናል። በ2015 ዓ.ም. ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታና ሌሎች በዙሪያው ያሉ ከተሞች በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃልለዋል። መሬቱ ዋጋ ባወጣ ቁጥር ጫካው ጥግ ያለች ቁራሽም ፈላጊዋ ይበዛል። የተቆረጠ ዛፍ ይተካል፤ ቤት የተሠራበት ጫካ ግን አይመለስም።

የዘበኛው ሥራ

የደን ዘበኛ አብዛኛውን ጊዜ የአካባቢው ሰው ነው። ይህ ጥሩም መጥፎም ጎን አለው። ጥሩነቱ ጫካውን እንደ ጓሮው ያውቀዋል። መጥፎነቱ ሌባው ጎረቤቱ፣ አንዳንዴም አማቹ ነው። ቀን ከሶት ማታ በአንድ ለቅሶ ድንኳን ይገናኛሉ። ደመወዙ ትንሽ፣ ክልሉ ሰፊ ነው። አንዳንዱ ጠብመንጃ ይይዛል፣ ብዙው ዱላና ስልክ ብቻ።

የሚያዋጣው መሮጥ ሳይሆን ማየት ነው። ልምድ ያለው ዘበኛ በየቀኑ በአንድ ሰዓት በአንድ መንገድ አይዞርም። የገበያ ዋዜማን ያከብራል፤ ነገ የሚሸጥ እንጨት የሚቆረጠው ዛሬ ነው። ነጭ የሆነ ትኩስ ፍልጥ፣ የአህያ ዱካ፣ ከመንገድ የወጣ የተጎተተ ግንድ ምልክት፣ ያለ ወትሮው የሚጮህ ጉሬዛ፣ ሁሉም ይናገራሉ። ወጥመድ ለማግኘት ደግሞ ዓይንን ከመሬት ጉልበት ከፍታ ላይ አድርጎ በድኩላው መንገድ መሄድ ያስፈልጋል። ቆሞ የሚያይ ሰው ሽቦውን ያልፈዋል።

ግንድ ግቢ ውስጥ ሲገኝ “ከገበያ ገዛሁት” የተለመደ መልስ ነው። ያኔ ጉቶው ይመሰክራል። የግንዱ ጫፍ ከጉቶው ጋር ይገጠማል። ውፍረቱ ይለካል፣ የዕድሜ ቀለበቱ ይታያል፣ የቅርፊቱ ስንጥቅ ከላይ እስከ ታች መስመሩን ይይዝ እንደሆነ ይመረመራል። የመጥረቢያው ስለት የተሸረፈ ከሆነ ጉድለቱ በግንዱም በጉቶውም ላይ ተመሳሳይ ጭረት ይተዋል። ይህ ሁሉ የሚሠራው የቀበሌ ሰውና ሌላ ምስክር ባለበት ነው። በስልክ ፎቶ ይነሳል፣ በወረቀት ይፈረማል። ያለዚህ ጉዳዩ ፖሊስ ጣቢያ ደርሶ “ማስረጃ የለም” ተብሎ ይበተናል።

ሕጉ የሚፈቅደውና የማይፈቅደው

በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ መሠረት እጅ ከፍንጅ የተያዘን ሰው፣ ወንጀሉ ቢያንስ የሦስት ወር እስራት የሚያስቀጣ ከሆነ፣ ማንም ሰው መያዝ ይችላል። ዘበኛ መሆን አያስፈልግም። ግን የያዘው ሰው ሳይዘገይ ለፖሊስ ማስረከብ አለበት። ቤቱ አሳድሮ “እስኪያምን” መግረፍ ራሱን ተከሳሽ ያደርጋል። ፖሊስም በበኩሉ የተያዘውን በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ማቅረብ አለበት፤ የመንገዱ ጊዜ አይቆጠርም።

ይዞታውን የሚከላከል ሰው ደግሞ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1148 አለው። ሁከት የሚፈጥርበትን ወይም ይዞታውን የሚነጥቀውን በጉልበት መመለስ፣ የተወሰደበትንም ወዲያው ተከታትሎ ማስመለስ ይችላል። ሁኔታው ከሚጠይቀው በላይ ግን እጁን ማንሳት አይፈቀድለትም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 78ም ስለ ሕጋዊ መከላከል ሲናገር ተመሳሳይ ነው፤ ጥቃቱ የደረሰ ወይም ሊደርስ የቀረበ፣ በሌላ መንገድ የማይመለስ፣ አጸፋውም ተመጣጣኝ መሆን አለበት። ግንድ ጥሎ የሚሸሽ ሰውን ከኋላ መተኮስ በዚህ ውስጥ አይገባም። ብዙ ሰው “ሌባ ነው” ካለ በቂ ይመስለዋል፤ አይደለም። መሣሪያው ራሱም በ2012ቱ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ፈቃድ ይጠይቃል።

ቅጣቱ በአዋጅ የተቀመጠ ነው። የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541/1999 ከ5,000 እስከ 30,000 ብር ወይም ከ1 እስከ 5 ዓመት እስራት፣ ወይም ሁለቱንም ያስቀጣል። በ1999 ዓ.ም. 5,000 ብር ያስፈራ ነበር። ዛሬ አንድ ደህና በግ አይገዛም። ደኑን በተመለከተ አሁን የሚሠራው አዋጅ ቁጥር 1065/2010 ነው።

ከፍርድ ቤት ውጭ

ከዘመናዊው ሕግ በፊት በሸዋ የጠፋ ነገር የሚፈለገው በአውጫጭኝ ነበር። የአገሩ ሰው አንድ ቦታ ይሰበሰባል፣ ሌባው እስኪወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም፣ የቀረም ይቀጣል። ሌላው ሌባሻይ ነበር። አንድ ልጅ መድኃኒት ይጠጣና እየዞረ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይያዛል። ስንት ንጹሕ ሰው በዚህ እንደተበላ መገመት ቀላል ነው፤ በመንግሥት መከልከሉ ደግ ሆነ።

አሁን ያለው ሽምግልና ነው። በኦሮሚያ በኩል ጃርሳ ቢያ የሚባሉት የአገር ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ፣ ጥፋተኛው ያምናል፣ ካሳ ይቆረጣል፣ ዋስ ይጠራል። ከብት ሰብል ከበላ፣ ወይም ጎረቤት የጎረቤቱን ባሕር ዛፍ ከቆረጠ ይህ ከፍርድ ቤት ይሻላል፤ ፈጣን ነው፣ ቂምም ያበርዳል። የመንግሥት ደን ሲሆን ግን ዕርቅ የወንጀል ክሱን አይሽረውም። ሽማግሌ ፊት “ከእንግዲህ አይለምደኝም” እያሉ በየዓመቱ የሚመለሱም አሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ለተያዘ ወጣት ሽምግልናው ይበቃል። በአይሱዙ ለጫነ ነጋዴ ግን ሽማግሌ መላክ ሕጉን ማላገጫ ማድረግ ነው።

ከግንጪ አጠገብ ባለው የጭሊሞ ደን በ1980ዎቹ መጨረሻ አሳታፊ የደን አስተዳደር ተጀምሯል። ነዋሪው ተደራጅቶ ከደኑ በልክ ይጠቀማል፣ በምትኩ ይጠብቃል። ሌባውን የሚያጋልጠው ከውጭ የመጣ ዘበኛ ሳይሆን ድርሻው የሚነካበት ጎረቤት ይሆናል። ከተማው አፍ ላይ ላሉት ደኖች ይህን መገልበጥ ከባድ ነው፤ ሌባው ከመንደሩ ሳይሆን ከከተማ የሚመጣበት ጊዜ ብዙ ነው።

የባሕር ዛፍ ባለቤቶች

በሱሉልታና በሰንዳፋ በኩል ገበሬው በማሳው ዳር ባሕር ዛፍ ይተክላል። ለእሱ ባንክ ነው። ሌባው አጣናና ማገር የሚሆነውን ቀጭኑን ይመርጣል፤ ለመሸከም ይቀላል፣ ገዢውም አይጠፋም። ባለቤቶች እሾህ ያጥራሉ፣ ግንድ ላይ ቀለም ይቀባሉ፣ ተባብረው አንድ ጠባቂ ይቀጥራሉ። የእንጨት ጭነት ኬላ ላይ የይለፍ ወረቀት ስለሚጠየቅ፣ ስርቆቱን ቶሎ የሰማ ሰው መጀመሪያ የሚደውለው ወደዚያ ነው።

እንግዶች

ቅዳሜና እሁድ ጫካ የሚወጣው የከተማ ሰውም ሥርዓት አለው። በመናገሻ ሱባ በበሩ ይገባል፣ ይከፈላል። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክም መግቢያ አለው። በጎን መግባት፣ እሳት ማንደድና ውሻ መልቀቅ ከዘበኛ ጋር ያጣላል፤ ዘበኛውም ልክ ነው። በጉዞ ላይ ወጥመድ ያየ ሰው ፎቶ አንስቶ፣ ቦታውን በስልኩ ካርታ ላይ ምልክት አድርጎ ለበሩ ጥበቃ ይንገር። ሽቦውን ነቅሎ መሄድ በጎ ይመስላል፤ ነገር ግን አጥማጁን አድፍጦ መያዣው ዕድል አብሮ ይነቀላል። አንድ ወጥመድ ከተገኘ ደግሞ በዚያው ዱካ ላይ ሌሎች አይጠፉም።