የአንቲባዮቲክ ብክለት ምንድን ነው? ሰብልንስ ምን ያደርገዋል?

የዋጥነው አንቲባዮቲክ ሁሉ ሰውነታችን ውስጥ አያልቅም። እንደ ቴትራሳይክሊን ያሉት በአብዛኛው ሳይለወጡ በሽንትና በዓይነ ምድር ይወጣሉ። ከብትም እንደዚያው ነው። መርፌ የተወጋች ላም እበት ውስጥ መድኃኒቱ አለ። እበቱ ፍግ ሆኖ ማሳ ላይ ይበተናል። የከተማ ፍሳሽ ደግሞ ወንዝ ይገባል፣ ወንዙ መስኖ ይሆናል። አቃቂ ወንዝ ዳር ያለው ቆስጣና ሰላጣ የሚጠጣው የአዲስ አበባን ፍሳሽ የተሸከመ ውሃ ነው። እንዲህ አፈርና ውሃ ውስጥ የሚጠራቀመው ቅሪት ነው የአንቲባዮቲክ ብክለት የሚባለው።

መድኃኒቱ የሚያጠቃው ባክቴሪያን ነው። ጎመን ምን አገባው ትሉ ይሆናል። ቅጠልን አረንጓዴ አድርጎ ከፀሐይ ብርሃን ምግብ የሚሠራው ክፍል፣ ክሎሮፕላስት፣ የዛሬ ቢሊዮን ዓመት ገደማ ወይም ከዚያም በፊት ሴል ውስጥ ገብቶ የቀረ የባክቴሪያ ዘር ነው። ፕሮቲን የሚሠራበት መሣሪያ ዛሬም የባክቴሪያን ይመስላል። ስለዚህ ባክቴሪያን የሚያስቆም መድኃኒት እሱንም ያገኘዋል። ስትሬፕቶማይሲን በበዛበት ውሃ የበቀለ ችግኝ ነጣ ብሎ ይወጣል።

ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚጎዳው ግን ሥሩ ነው። ዘሩ ደህና ይበቅላል፣ ሥሩ አጭር ሆኖ ይቀራል። ከላይ ለሚያየው ሰው ምንም የጎደለ አይመስልም።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ባቄላው ነው። ባቄላ ነቅላችሁ ሥሩን እዩት፤ ትንንሽ እባጮች አሉት። ሰንጠቅ ስታደርጉት ውስጡ ሮዝ ከሆነ ባክቴሪያዎቹ ሥራ ላይ ናቸው። ናይትሮጅን ከአየር ወስደው ተክሉን ይመግባሉ። ባቄላ የተዘራበት መሬት ላይ በቀጣዩ ዓመት ስንዴው የሚያምረውም በነሱ ነው። አንቲባዮቲክ የሚመታው እንግዲህ እነዚህን ጭምር ነው።

ጉዳቱ በመጠኑ ይወሰናል። ማሳ ላይ የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ነው። የሸክላ አፈርም ቴትራሳይክሊንን አጥብቆ ስለሚይዘው ሁሉም ተክሉ ጋ አይደርስም። የከፋም አለ። ሕንድ ውስጥ፣ ሃይደራባድ አጠገብ ፓታንቼሩ፣ የመድኃኒት ፋብሪካዎችን ፍሳሽ የሚያጣራ ጣቢያ በለቀቀው ውሃ ውስጥ በሊትር እስከ 31 ሚሊግራም ሲፕሮፍሎክሳሲን ተገኝቷል። ጥናቱ የወጣው በ2007 እ.ኤ.አ. ነው። ይህ መድኃኒቱን በሚወስድ ሕመምተኛ ደም ውስጥ ከሚገኘው ይበልጣል።

ፍግን በደንብ ማብላላት ብዙዎቹን ይቀንሳል፤ ቴትራሳይክሊን በሙቀቱ በእጅጉ ይፈርሳል። እንደ ሲፕሮ ያሉት ግን ቶሎ አይበገሩም። ስለዚህ የታከመች ላም እበት ከሌላው ተለይቶ ረዘም ላለ ጊዜ ቢብላላ ይሻላል።