«የኮሮና ዋንጫ» ለምትሉ ሁሉ

መጀመሪያ ግልፅ ላድርገው፣ እኔ የአርሴ (የአርሰናል) ደጋፊ ነኝ፣ ለሊቨርፑል ጠበቃ የምቆምበት ምንም ምክንያት የለኝም። ግን በኮሮና ምክንያት መሀል ላይ ተቋርጦ ሊቨርፑል ዋንጫ የበላበት የ2019/20 የእንግሊዝ ፕሪምየር ሊግ በተነሳ ቁጥር «የኮሮና ዋንጫ ነው» እየተባለ የሚወራው ነገር እያደር ተረት እየሆነ ነው።

«ሊጉ ሳያልቅ ነው ዋንጫውን ያስታቀፏቸው»

ውሸት። 380ውም ጨዋታ ተካሂዷል፣ ጁን 17 ተመልሶ ጁላይ 26 አለቀ። ሰው የሚያምታታው ከፈረንሳይ ጋር ነው መሰለኝ፣ እዛ ሊጉ መሀል ላይ ተቋርጦ ፒኤስጂ ባለበት ሻምፒዮን ተባለ፣ ሆላንዶች ደግሞ ጭራሽ ሻምፒዮን የለም ብለው አያክስና አዜድ እኩል 56 ነጥብ ይዘው ቀሩ። የኛው የኢትዮጵያ ሊግም በ2012 ዓ.ም ያለ ሻምፒዮን ነው የተሰረዘው፣ እና ሁሉም አንድ ላይ ተደባልቆ እንግሊዝም እንደዛ የሆነ ይመስለዋል ሰው።

«መንግስት ነው ያስቆመው»

አይደለም። ማርች 12 ማታ ሊጉ ራሱ የሳምንቱ ጨዋታ ይቀጥላል ብሎ ነበር፣ ትንሽ ቆይቶ እዛው ማታ የኛው የአርሴ አሰልጣኝ አርቴታ ኮሮና እንደያዘው ታወቀና በማግስቱ ተቋረጠ። የያኔው ጠቅላይ ሚኒስትር ቦሪስ ጆንሰን ህዝቡን ቤታችሁ ግቡ ያለው ማርች 23 ነው።

«እረፍቱ ባይኖር ማንችስተር ሲቲ ይደርስባቸው ነበር»

በምን ተአምር? ሊጉ ሲቆም ሊቨር በ29 ጨዋታ 82 ነጥብ፣ ሲቲ በ28 ጨዋታ 57። ሲቲ የቀረውን 10 ጨዋታ በሙሉ ቢበላ እንኳን የሚደርሰው 87 ላይ ነው፣ ሊቨር ደግሞ ሁለት ብቻ ቢያሸንፍ 88 ይገባል፣ አለቀ። እረፍቱ ነገሩን አዘገየው እንጂ አልቀየረውም፣ ጁን 25 ቼልሲ ሲቲን 2ለ1 ሲረታ ሊቨሮች ሳይጫወቱ ሻምፒዮን ሆኑ፣ ያውም 7 ጨዋታ እየቀራቸው። ያለመሸነፍ ጉዟቸውንም ኮሮና ነው የሰበረው የሚሉ አሉ፣ ኧረ ዋትፎርድ ነው፣ ፌብሩዋሪ 29 3ለ0 ቀጥቶ 44 ጨዋታ ላይ አስቆማቸው፣ ገና ሊጉ ሳይቋረጥ። የኛ የአርሴ 49 ጨዋታ ያለመሸነፍ ሪከርድ ተረፈች፣ እሷን ቀን አርሴዎች አንረሳትም 😀

«ባዶ ስታዲየም ጠቀማቸው»

እንደውም ተቃራኒው። ከእረፍቱ በፊት ሜዳቸው አንፊልድ ላይ የሊግ ጨዋታ በሙሉ አሸንፈው ነበር፣ ያለ ደጋፊ ግን በርንሌይ 1ለ1 ያዛቸው። በቀጣዩ ሲዝን ደግሞ እዛው ሜዳቸው ላይ 6 ጊዜ በተከታታይ ተሸነፉ።

«የሼፊልድን ጎል ቫር (የቪዲዮ ዳኛው) አይቶ ነው የካደው»

ይሄኛው ግማሽ እውነት ስላለው ነው የሚያናድደው። ሊጉ በተመለሰበት የመጀመሪያው ጨዋታ፣ አስቶን ቪላ ከሼፊልድ ዩናይትድ፣ የቪላው በረኛ ኒላንድ ቅጣት ምቱን ይዞ ኳሷን እንዳቀፈ መስመሩን አልፎ ጎል ውስጥ ገባ፣ ዓለም ሁሉ አየ፣ ዳኛው ማይክል ኦሊቨር ግን እጁ ላይ ባለው ሰዓት ኳሷ መስመር አለፈች የሚል ምንም መልዕክት አልመጣለትም። የጎል መስመር ቴክኖሎጂውን የሚሰራው ኩባንያ ሃውክ አይ በኋላ ይቅርታ ጠይቆ እንዳስረዳው 7ቱንም ካሜራ በረኛው፣ ተከላካዩና ቋሚው ጋርደዋቸዋል፣ ከ9,000 በላይ ጨዋታ ላይ እንዲህ ሆኖ አያውቅም አለ። ስለዚህ መጀመሪያ የተሳሳተው ማሽኑ ነው፣ ቫር የጎል መስመሩን ቴክኖሎጂ አምኖ ዝም አለ፣ ጣልቃ የመግባት መብት እያለው። እኔ እንደውም ከመካዱ ይልቅ ይሄ ዝምታ ይብስብኛል።

ጨዋታው 0ለ0 አለቀ፣ ቪላ አንድ ነጥብ ያዘ፣ ከመውረድ ያተረፈችውም እሷ ናት። መጨረሻ ላይ ቪላ 35፣ ቦርንማውዝ 34፣ ዋትፎርድ 34። ዋትፎርድን በመጨረሻው ቀን 3ለ2 አሸንፈን የሸኘነው እኛ ነን፣ እሱ ላይ ጥያቄ የለም። ቦርንማውዝ ግን በዛው ቀን ኤቨርተን ሜዳ ድረስ ሄዶ ኤቨርተንን 3ለ1 አሸንፎ ነው የወረደው፣ በአንድ ነጥብ። በዛ ሲዝን ተበድያለሁ ማለት የሚችል ክለብ ካለ እሱ ነው፣ ሲቲ አይደለም።