ዝቅ ያለች መኪና፣ የሞተሩ ሆድ እና ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸው ነገሮች

ባለፈው ክረምት አንድ ማለዳ ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ወደ ለገሃር እየወረድኩ ነበር። ከፊቴ የነበረው የጭነት መኪና በጎማዎቹ መካከል አሳልፎት የሄደውን ድንጋይ እኔ ማሳለፍ አልቻልኩም። የእኔዋ ጎልፍ 4 ናት፤ 1.8 ቱርቦ፣ በአጭር ሞላ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ያለች። ድምፁ ምጣድ ሲሰበር ይመስል ነበር። ዳር ይዤ ሞተሩን አጠፋሁና ጎንበስ ብዬ ሳይ፣ ዘይቱ በጎርፉ ላይ ቀለም እየሠራ ቁልቁል ይወርዳል። ሞተሩ የተረፈው ወዲያው በማጥፋቴ ነው። የዘይት ግፊት ያጣ ሞተር በደቂቃዎች ውስጥ ተፋጭቶ ይጣበቃል።

ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ሞተር ስር መከላከያ፣ ማለትም ሞተሩን ከድንጋይ ለመጠበቅ ከስሩ ስለሚታሰረው ላሜራ፣ ያልመከረኝ ሰው የለም። ምክሩ ሁሉ ከቅን ልብ ነው፤ ግን ከተባልኩት ውስጥ ብዙው ስህተት ሆኖ አገኘሁት። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል ወደ አገር ማስገባት ስለተከለከለ፣ እነዚህን መኪናዎች የሚተካ የለም። ስለዚህ ነገሩን አንድ በአንድ ላንሣው።

«ፋብሪካው የገጠመው ፕላስቲክ አለላት፤ ይበቃታል።» አይበቃትም። ያ ፕላስቲክ የተሠራው ውኃና ጭቃ ወደ ሞተሩ እንዳይረጭ፣ ድምፅ እንዲቀንስ እና ነፋሱ ከመኪናው ስር ሳይረበሽ እንዲያልፍ ነው። ድንጋይ ሲመታው ተጣጥፎ ድንጋዩን ያሳልፈዋል። ከኋላው ያለው የሞተሩ ዘይት የሚጠራቀምበት፣ መካኒኮች ኮፓ የሚሉት የዘይት ቋት ነው። በእኔ መኪና ቋቱ በቅርጽ የፈሰሰ አሉሚኒየም ነው፤ ሲመታ አይጎደጉድም፣ ይሰነጠቃል። ጎልፍ 4ን ዝቅ የሚያደርጉ ሰዎች ይህንን ችግር ከጥንት ጀምሮ ስለሚያውቁት፣ ከላይ አሉሚኒየም ሆኖ ከታች የብረት ላሜራ ያለው ቋት ለብቻው ይሸጥላቸዋል።

«ዘይት ካልፈሰሰ ምንም አልሆነችም።» ይህኛው ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ነው፤ ሰው ደኅና ነኝ ብሎ እየነዳ ሞተሩን ያጣል። በብዙ የቶዮታ ሞተሮች የቋቱ የታችኛው ክፍል ላሜራ ነው። ላሜራ ሲመታ ወደ ውስጥ ይገባል እንጂ አይፈስም። ችግሩ ዘይቱን ወደ ላይ የሚመጥጠው ወንፊት ከቋቱ ወለል የሚርቀው በጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ መሆኑ ነው። ወለሉ ወደ ላይ ከተገፋ የወንፊቱ አፍ ይዘጋል። የዘይት መለኪያውን ዘንግ ስትስቡት ዘይቱ ሙሉ ነው፤ ሞተሩ ግን ተጠምቷል። ቀዩ የዘይት መብራትም የሚነግራችሁ ግፊቱን ነው እንጂ መጠኑን አይደለም። እየነዳችሁ ከበራ ጋራዥ ድረስ ልድረስ አትበሉ፤ እዚያው አጥፉት። ቋቱ ከተጎደጎደም ያለ ቀጠሮ ይፈታ፣ ወንፊቱም ይታይ።

«ብረቱ በወፈረ ቁጥር ይሻላል።» እስቲ እንመዝነው። 60 በ70 ሴንቲ ሜትር የሆነ 3 ሚሊ ሜትር ላሜራ ወደ 10 ኪሎ ይመዝናል። ወደ 6 ሚሊ ሜትር ካወፈራችሁት 20 ኪሎ ነው፤ እሱም ሞላዋ አጥሮ ዝቅ ባለችው መኪና አፍንጫ ላይ ይንጠለጠላል። የባሰ ዝቅ ትላለች ማለት ነው። በዚያው ስፋት 4 ሚሊ ሜትር አሉሚኒየም ከ5 ኪሎ በታች ነው። ከውፍረቱ ይልቅ ቅርጹን እዩ። መከላከያ የሚያድነው ተንሸራቶ ሲያልፍ ነው። የፊት ጠርዙ ወደ ላይ ካልታጠፈ እንደ ማረሻ ይሆናል፤ ያገኘውን ሁሉ ይነክሳል፣ ወፍራም ከሆነ ደግሞ የታሰረበትን ነገር ገንጥሎ ይሄዳል።

የታሰረበት ነገር ስል ወደ ዋናው ጉዳይ መጣሁ። «የትም ቢታሰር ያው ነው» ይላሉ። አንድ ጋራዥ ውስጥ አንዲት መኪና ተነሥታ ስር ስገባ፣ መከላከያው የታሰረው በራሱ በዘይት ቋቱ ብሎኖች ነበር። ሊጠብቀው በተባለው ዕቃ ላይ ማለት ነው! ድንጋይ ሲመታው ኃይሉ በሙሉ ወደ ቋቱ ከንፈር ይሄዳል። ትክክለኛው ቦታ የጎማዎቹን ክንዶች የሚሸከመው የብረት ማዕቀፍ እና የግራና የቀኝ ወጋግራ ነው። በቋቱና በመከላከያው መካከልም ከ1.5 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ያስፈልጋል፤ መከላከያው ሲመታ ይለመጣል፣ ሞተሩም በተቀመጠባቸው የጎማ ትራሶች ላይ ይወዛወዛል። እኔ ክፍተቱን የለካሁት በሊጥ ነው። ጠጠር ያለ ሊጥ በላስቲክ ጠቅልዬ ቋቱ ስር አደረግሁ፤ መከላከያውን አሰርኩና ከአራት ኪሎ ራስ መኮንን ድልድይ ደርሼ ተመለስኩ። ስፈታው ሊጡ በአንድ ጎኑ 8 ሚሊ ሜትር ብቻ ቀርቶት ነበር። እንደገና አስቀጠቀጥኩት።

ክፍተቱና ውፍረቱ ሲደመሩ ግን ከመንገዱ ላይ ይቀነሳሉ። ቋቱ ከአስፋልቱ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ ቢል፣ 2 ሴንቲ ሜትር ክፍተትና 4 ሚሊ ሜትር ብረት ሲወጣ የሚቀራችሁ 7.6 ነው። ይህን ሳሰላ መኪናዋን 1.5 ሴንቲ ሜትር ከፍ አደረግኋት። መልኳን እወደው ነበር፤ ሞተሯን ግን የበለጠ እወደዋለሁ።

«በያጅ ጋ ወስደህ አስበይደው፣ ይጠነክራል» የሚሉም አሉ። አታድርጉት። ብየዳ የማዕቀፉን የዝገት መከላከያ ያቃጥላል፣ ዘይት በተቀየረ ቁጥርም መፍታት አይቻልም።

«ሞተሩን ያፍነዋል፣ ያሞቀዋል» የሚለው ግማሽ እውነት አለው። በራዲያተሩ በኩል የገባው ነፋስ መውጫ ይፈልጋል፤ ከስር ሙሉ በሙሉ ከታሸገ ሙቀቱ ይከማቻል። ስለዚህ ወደ ኋላ የሚከፈቱ የነፋስ መውጫዎች እና ለዘይት ማፍሰሻው ብሎን የሚሆን ቀዳዳ ይኑሩት። በደንብ የተሠራ መከላከያ ለሙቀት ምክንያት አይሆንም፤ ሞተሩ ከሞቀ ሌላ ምክንያት ፈልጉ።

«ጉብታን በሰያፍ ማለፍ ይበቃል» ለሚሉ፦ ሰያፉ ይረዳል፤ ፍሬን እንደረገጡ መውጣት ግን አፍንጫዋን ይደፋታል። ጉብታው ሳይደርስ ፍሬኑን ልቀቁ።

አንድ ወዳጄ ደግሞ ከፒያሳ እስከ ቦሌ በኮሪደር ልማቱ መንገዱ ተሠርቷል፣ አሁን ምን ያስፈልጋል ይለኛል። ዋናው መንገድ በእውነት አምሯል። ሰው ግን ዋናው መንገድ ላይ አያድርም። ወደ ቤት የሚያስገባው ኮብልስቶን መሃሉ አብጧል፣ የሕንፃዎቹ ምድር ቤት መግቢያ ቁልቁለቱ ድንገት ይሰበራል፣ ክረምት ሲገባም ውኃ የተኛበት ጉድጓድ ጥልቀቱ አይታይም።

መከላከያው ከታሰረ በኋላ 500 ኪሎ ሜትር ስትነዱ ብሎኖቹን አጥብቁ። ዘይት በቀየራችሁ ቁጥር ደግሞ በቀዳዳው ብቻ አፍስሳችሁ አትሂዱ፤ ሙሉ በሙሉ አውርዱት። ከላዩ የተጠራቀመ ዘይት ካለ ቋቱ ወይም ሌላ ቦታ እያንጠባጠበ ነው፤ መከላከያው መሬቱን ንጹሕ አድርጎ ስለሚደብቀው ሌላ ጊዜ አታዩትም። ዘይት የነካው ቅጠልና ጨርቅ ከጭስ ማውጫው አጠገብ እሳት ስለሚያስነሣ አጽዱት። ከዚያ አገላብጣችሁ ጭረቶቹን እዩ። የእኔው ላይ ሦስት አዳዲስ አሉ፤ ሁሉም ከቋቱ በታች፣ በግራ በኩል።