ጎርደን በክራይሚያ፦ የአንድ ወጣት የጦር መሐንዲስ ሥራ

ቻርልስ ጎርደንን ብዙዎቻችን የምናውቀው ካርቱም ላይ በመሞቱ ነው። በ1879 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ደብረ ታቦር ድረስ መጥቶ ከአፄ ዮሐንስ 4ኛ ጋር ሳይስማማ መመለሱንም የሚያስታውስ አለ። እኔ ግን ሰውየውን ለመረዳት ከክራይሚያ፣ ማለትም በጥቁር ባሕር ባለው ባሕረ ገብ መሬት ከሩሲያ ጋር ከተደረገው ጦርነት፣ መጀመር ይሻላል ባይ ነኝ።

ጎርደን በ1833 ዉልዊች ተወለደ። በ1852 የእንግሊዝ ጦር የምህንድስና መኮንን ሆነ። ዌልስ ውስጥ የወደብ ምሽግ ሲሠራ ቆይቶ በጃንዋሪ 1855 የክራይሚያ ወደብ ወደሆነችው ባላክላቫ ደረሰ። 22 ዓመት ሊሞላው ከአንድ ወር ያነሰ ጊዜ ቀርቶት ነበር።

እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ቱርክ የሩሲያን የጦር ወደብ ሴባስቶፖልን ከከበቡ ወራት አልፈዋል። አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩት ትልቁ መድፍ የተሰየመው በዚችው ከተማ ነው። በኖቬምበር 1854 የተነሳ ማዕበል ለብርዱ የተላከውን ልብስና ስንቅ ከነመርከቡ አስጥሞታል። ወታደሩን ከጥይት ይልቅ በሽታና ውርጭ ይጨርሰው ነበር።

ከበባ የመሐንዲስ ውጊያ ነው። መጀመሪያ ከምሽጉ ራቅ ብሎ፣ ከግንቡ ትይዩ ረጅም ቦይ ይቆፈራል። ከዚያ ወደ ፊት በዚግዛግ እየቆፈሩ መጠጋት ነው። ቀጥ ብሎ ከተቆፈረማ ከግንቡ የሚተኮሰው ጥይት ቦዩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይጠርገዋል። ከቀንበጥ የተጎነጎነ ቅርጫት አፈር ተሞልቶ ከለላ ይሆናል። መስመሩን የሚያወጣው መሐንዲሱ ነው፤ እግረኛው ይቆፍራል። አብዛኛው ሥራ በጨለማ ነው፤ ከተተኮሰ ግን መሐንዲሱም ከቆፋሪዎቹ እኩል ይመታል። ጎርደንም በጁን ቀላል ቁስል ደርሶበታል።

በወዲያኛው ወገን ሩሲያዊው መሐንዲስ ቶትሌበን ነበር። ቀን በመድፍ የፈረሰውን የአፈር ምሽግ ሌሊቱን ያስጠግነዋል። በእኔ እይታ የዚያ ጦርነት ትልቁ መሐንዲስ እሱ ነው።

እንግሊዞች ሬዳን የተባለውን ምሽግ ለመያዝ በጁንም በሴፕቴምበርም ሞክረው አልተሳካላቸውም። ሩሲያውያን ከተማዋን የለቀቁት ፈረንሳዮች ማላኮፍ የተባለውን ሌላ ምሽግ ሲይዙ ነው። ከዚያ በኋላ ለጎርደን የተሰጠው ሥራ ማፍረስ ሆነ፤ የሴባስቶፖልን የመርከብ መጠገኛዎች በባሩድ ከሚያፈርሱት አንዱ ነበር። በ1856 ደግሞ ለድንበር ማካለል በሩሲያና በቱርክ ግዛቶች መካከል ወዳለችው ቤሳራቢያ ተላከ።

በእነዚያ ቦዮች ውስጥ ከተዋወቃቸው መኮንኖች አንዱ ጋርኔት ዎልስሊ ነው። በ1884 ካርቱም ላይ የተከበበውን ጎርደንን ለማዳን የተላከውን ጦር የመራው እሱ ነበር። ከተማዋ ጃንዋሪ 26 ቀን 1885 ወደቀች፤ ከዎልስሊ ጦር ቀድመው የተላኩት ወታደሮች የደረሱት በ28 ነው።