«ማን ይከፍለዋል?» እና ሌሎች ከጡት ምርመራ የሚያስቀሩን ወሬዎች

ዲሲና አካባቢው የምንኖር ሐበሾች ቡና ላይ ስንቀመጥ የጡት ካንሰር ነገር ከተነሳ ወሬው ቶሎ ወደ ገንዘብ ይዞራል። «ማን ይከፍለዋል?» ይባላል፣ ከዚያ ዝም። እስቲ የምሰማውን አንድ በአንድ ላንሳ።

«ኢንሹራንስ ከሌለሽ ማሞግራም አይታሰብም»

ይታሰባል። (ማሞግራም ጡት በኤክስሬይ የሚታይበት ምርመራ ነው።) እ.ኤ.አ. በ1990 በወጣ ሕግ የተቋቋመ፣ ሲዲሲ (የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል) ገንዘብ የሚመድብለት ፕሮግራም በየስቴቱ አለ። ስሙ ግን እንደየቦታው ይለያያል፤ ዲሲ ላይ ፕሮጀክት ዊሽ፣ ቨርጂኒያ ላይ ኤቭሪ ዉማንስ ላይፍ ይባላል። የጡት ምርመራው በዋናነት ዕድሜያቸው ከ40 እስከ 64 ለሆነ፣ ኢንሹራንስ ለሌላቸው ወይም ያላቸው ለማይበቃቸው፣ ገቢያቸው ከፌዴራሉ የድህነት መስመር 250 በመቶ ለማይበልጥ ሴቶች ነው። «እኔማ እሠራለሁ፣ ድሃ አይደለሁም» ብላችሁ አትለፉት። ፓርኪንግ ወይም ሆም ኬር እየሠራች ልጅ የምታሳድግ ሴት ብዙ ጊዜ እዚህ ውስጥ ትገባለች። እንግሊዝኛው ካስቸገረ ደግሞ የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት፣ ልጃችሁን ከትምህርት ቤት አስቀርታችሁ አታስተርጉሙ።

«ኢንሹራንስ ካለሽ ሁሉም ነፃ ነው»

ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ጋ ነው። በኦባማ ኬር ሕግ አብዛኛው ኢንሹራንስ 40 ዓመት ለሞላት ሴት የስክሪኒንግ ማሞግራምን ያለ ኮፔይ፣ ማለትም ከኪሷ ሳትከፍል፣ ይሸፍናል። ስክሪኒንግ ማለት ምንም ምልክት ሳይኖር የሚደረገው ነው። እብጠት አግኝተሽ ከሄድሽ ግን ወረቀቱ ላይ «ዲያግኖስቲክ»፣ ማለትም የታየውን ምልክት ለማጣራት የሚደረግ፣ ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። ያው ማሽን፣ ያው ክፍል፣ ቢሉ ግን ሌላ። ስለዚህ ቀጠሮ ስትይዢ «ምን ተብሎ ነው የታዘዘልኝ?» በይ።

ከፍተኛ ተጋላጭ ለሆኑት ደግሞ ይብሳል። በዕድሜ ዘመኗ በጡት ካንሰር የመያዝ ዕድሏ 20 በመቶና ከዚያ በላይ ለሆነ ሴት የአሜሪካ ካንሰር ማኅበር ከ30 ዓመቷ ጀምሮ በየዓመቱ ማሞግራምም ኤምአርአይም (በማግኔት የሚነሳ ምስል) ይመክራል። ኤምአርአዩ ዲዳክቲብል ላይ፣ ማለትም ኢንሹራንሱ መክፈል ሳይጀምር ከኪስ በሚከፈለው ላይ፣ ሲያርፍ ያስደነግጣል። አንድ ጓደኛዬ ቢሉን ማቀዝቀዣ ላይ በማግኔት ለጥፋው ሁለት ወር ሙሉ ወተት ባወጣች ቁጥር ታየው ነበር፤ በመጨረሻ ያዳናት የፋይናንሻል አሲስታንስ (የክፍያ እርዳታ) ፎርም ነው። ለትርፍ ያልቆሙ ሆስፒታሎች በሕግ እንዲህ ያለ ፎርም ሊኖራቸው ግድ ነው፣ ማመልከቻውንም ከመጀመሪያው ቢል በኋላ እስከ 240 ቀን ይቀበላሉ። ብዙ ጊዜ ግን ሳትጠይቂ የሚነግርሽ የለም። (ይሄ ለምን እንደሆነ እኔም ይገርመኛል።)

«የጂን ምርመራ በሺዎች ዶላር ነው»

ነበር። ሲበላሹ የጡት ካንሰር አደጋን የሚጨምሩትን ቢአርሲኤ 1 እና 2 የሚባሉ ጂኖች አንድ ኩባንያ ብቻውን ፓተንት (ሌላው እንዳይሠራበት የሚከለክል መብት) ይዞባቸው ሳለ ምርመራው ከ3,000 ዶላር በላይ ይጠየቅበት ነበር። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2013 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ «በተፈጥሮ ያለ ጂን ፓተንት አይያዝበትም» ብሎ ከወሰነ በኋላ ሌሎች ላብራቶሪዎች ገቡና ዋጋው ወረደ፤ ሁለት ዓመት ሳይቆይ በ250 ዶላር ገደማ የሚሠሩ መጡ። የቤተሰብ ታሪኳ መስፈርቱን ለሚያሟላ ሴት ደግሞ ምክሩም ምርመራውም በአብዛኛው ኢንሹራንስ ያለ ኮፔይ ይሸፈናል።

«ካላመመኝ ምን አስጨነቀኝ»

ገና ሲጀምር ብዙ ጊዜ አያምም። አለቀ።

«በእኛ ዘር የለም»

በእኛ ዘር የማይወራ እንጂ የሌለ መሆኑን በምን እናውቃለን? ያቺው ጓደኛዬ ክሊኒክ ፎርም ሲሰጣት «የለም» የሚለው ላይ ምልክት አድርጋ ነበር። ነርሷ «በአባትሽ በኩልስ?» አለቻት። አባት ጡት ካንሰር ምን አገናኘው ብላ ሳቀች። ያገናኘዋል። የተበላሸውን ጂን የያዘ አባት ለእያንዳንዱ ልጁ የማስተላለፍ ዕድሉ እንደ እናት ሁሉ ግማሽ በግማሽ ነው።

ማታውኑ ደሴ ላለችው የአባቷ እህት ደወለች። «አክስቴ፣ ታላቅ እህትሽ እትዬ በምን ነበር ያረፉት?» ስልኩ ለአፍታ ዝም አለ። «ምነው፣ ዛሬ ምን አስነሳሽ? ጡቷ ቆስሎ ነበር፣ ጠበል ወስደናት ነበር።» ዕድሜያቸውን ስትጠይቅ አርባ አልሞላቸውም ነበር። በማግስቱ ክሊኒኩ ደውላ ፎርሙን አስተካከለች፣ የጂን አማካሪ ዘንድ የተላከችውም በዚያችው የፎርሙ መስመር ምክንያት ነው።