የዝሆን ግልቢያ በታይላንድ

ታይላንድ የሄደ ሰው ሆቴሉ ውስጥ ከሚያገኛቸው የጉብኝት ወረቀቶች ላይ የዝሆን ፎቶ አያጣም። በቺያንግ ማይ፣ በፉኬትና በፓታያ አካባቢ ዝሆን የሚያስጋልቡ ካምፖች ብዙ ናቸው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ባንኮክ ስለሚበር ለሕክምና፣ ለንግድ ወይም ለሽርሽር የሚሄደው ወገናችንም ቀላል አይደለም። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ማወቁ ይጠቅማል። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ጎብኚው መጀመሪያ የሚወጣው ከፍ ያለ የእንጨት መድረክ ላይ ነው። ዝሆኑ መጥቶ መድረኩን ተጠግቶ ይቆማል። ጀርባው ላይ ምንጣፍ ተደራርቦ፣ ከላዩ ሁለት ሰው የሚይዝ ወንበር ተጭኗል። ወንበሩ እንዳይንሸራተት አንዱ ገመድ በደረቱ ዞሮ ይታሰራል፣ ሌላው በጅራቱ ሥር ያልፋል። ነጂው አንገቱ ላይ ይቀመጥና ከጆሮዎቹ ጀርባ በእግሩ እየነካ ይመራዋል። በእጁ ደግሞ ጫፉ መንጠቆ የሆነ ብረት የተገጠመለት አጭር ዱላ አለ። ዙሩ ሲያልቅ ዝሆኑ ወደ መድረኩ ይመለሳል፣ ቀጣዮቹ ይወጣሉ።

ይህን ያህል ግዙፍ እንስሳ ሁለት ሰው ምን ይከብደዋል? ጥያቄው ተገቢ ነው። የዝሆን ጉልበት ያለው ግን በመጎተትና በመግፋት ላይ ነው። የጀርባ አጥንቱ ወደ ላይ የቆሙ ሹል ጉብታዎች አሉት፤ ወንበሩ የሚያርፈውም እዚያው ላይ ነው። ቀኑን ሙሉ በሙቀት ሲመላለስ ገመዱና ወንበሩ ቆዳውን ይልጡታል።

ከዚህ የሚከፋው ግን ጎብኚው የማያየው ነው። ዝሆን እንደ ፈረስ ወይም እንደ በሬ በትውልድ ብዛት የተላመደ እንስሳ አይደለም። ካምፕ ውስጥ የተወለደውም ቢሆን ባሕርዩ የዱር ነው። ሰው ጀርባው ላይ እንዲወጣ የሚፈቅደው ተገድዶ ነው። በታይላንድ ፋጃን የሚባል የቆየ አሠራር አለ። ግልገሉ ገና ትንሽ ሳለ ከእናቱ ይለያል። መዞር በማያስችል ጠባብ የእንጨት በረት ውስጥ እግሮቹ ይታሰራሉ። ይራባል፣ እንቅልፍ ይነፈጋል፣ እምቢ ባለ ቁጥር ይመታል። እጁን እስኪሰጥ ድረስ ይህ ለቀናት ይቀጥላል። ዛሬ በምግብ ማባበያ የሚያሠለጥኑ አሉ፣ የጭካኔው መጠንም ከቦታ ቦታ ይለያያል። ቢሆንም መንጠቆው በነጂው እጅ እስካለ ድረስ ዝሆኑ የሚታዘዘው ሕመሙን ስለሚያስታውስ ነው። ቆሞ ሳለ ጭንቅላቱን ግራ ቀኝ የሚያወዛውዝ ዝሆን ሲያዩ ብዙ ጎብኚዎች የሚጨፍር ይመስላቸዋል። የጭንቀት ምልክት ነው።

ታይላንድ ውስጥ የዝሆንና የሰው ትስስር ረጅም ታሪክ አለው። በድሮው ጊዜ ነገሥታቱ በዝሆን ላይ ሆነው ይዋጉ ነበር፤ ነጭ ዝሆን እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ በሰንደቅ ዓላማቸው ላይ ነበር። በሱሪን አውራጃ የሚኖሩት የኩዊ ሕዝቦች ዝሆን መያዝና ማሳደግን ከአባት ወደ ልጅ ሲያስተላልፉ ኖረዋል። በኋላም ዝሆኖች በሰሜኑ ደን ግንድ ይጎትቱ ጀመር።

ወደ ቱሪዝም የገቡት ከዚያ ሥራ ሲባረሩ ነው። በ1988 መጨረሻ የደቡብ ታይላንድን ከባድ ጎርፍ መታው። ደን የተመነጠረባቸው ተራሮች ተንሸራትተው በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሞቱ። መንግሥትም በ1989 መጀመሪያ ለንግድ ዛፍ መቁረጥን ከለከለ። ለደኑ ትልቅ እፎይታ ነበር፤ ዝሆኖቹና ነጂዎቻቸው ግን በአንድ ጊዜ ሥራ ፈት ሆኑ። አንድ ትልቅ ዝሆን በቀን ከ100 ኪሎ በላይ ይበላል። ነጂው ያንን ከየት ያምጣ? አንዳንዱ ዝሆኑን ይዞ ባንኮክ ገብቶ በመንገድ ላይ ለመንገደኛ ዝሆኑን የሚመግብበት ሙዝና ሸንኮራ አገዳ መሸጥ ጀመረ። ብዙው ካምፕ ገባ። ነጂውን ብቻ ጨካኝ አድርጎ መሳል ልክ አይደለም የምለው ለዚህ ነው። ብዙዎቹ ዝሆኑ የራሳቸው ያልሆነ፣ በትንሽ ደሞዝ የሚኖሩና ሕይወታቸውን ለአደጋ የሚያጋልጡ ሰዎች ናቸው።

ሕጉም አያግዝም። የዱር ዝሆን ጥበቃ አለው። በሰው እጅ ያለው ግን በ1939 በወጣ ሕግ እንደ በሬና እንደ ጎሽ የሥራ ከብት ሆኖ ይመዘገባል።

ወርልድ አኒማል ፕሮቴክሽን የተባለው ድርጅት በ2017 ባወጣው ጥናት በስድስት የእስያ አገሮች ለቱሪዝም የሚውሉ ወደ 3,000 የሚጠጉ ዝሆኖችን ተመልክቶ፣ ከአራቱ ሦስቱ በመጥፎ ሁኔታ እንደሚኖሩ አገኘ። አብዛኞቹ የታይላንድ ነበሩ። ትሪፕአድቫይዘር የተባለው የጉዞ ድረ ገጽ በ2016 የግልቢያ ትኬት መሸጥ እንደሚያቆም አስታወቀ። ካምቦዲያም በአንግኮር ቤተ መቅደሶች አካባቢ የነበረውን ግልቢያ በ2020 አስቀርታለች፤ ከዚያ በፊት በ2016 አንዲት ዝሆን ሰው ጭና በሙቀት ወድቃ ሞታ ነበር። በሕንድ ጃይፑር ጎብኚዎችን ወደ አሜር ምሽግ የሚያወጡት ዝሆኖች ጉዳይ ግን ዛሬም ያከራክራል።

ኮሮና ሲመጣ ጎብኚ ጠፋ፣ ካምፖች ተዘጉ። ብዙ ነጂዎች ዝሆኖቻቸውን እየነዱ በእግር ወደ ትውልድ መንደራቸው ተመለሱ።

አሁን ብዙ ካምፖች «ግልቢያ የለም» የሚል ሰሌዳ ሰቅለዋል። በቺያንግ ማይ አጠገብ እንዳለው ኤለፋንት ኔቸር ፓርክ ከሥራ የወጡ ዝሆኖችን እየተንከባከቡ ለሌሎች አርአያ የሆኑ አሉ። ሌሎች ደግሞ ስማቸውን «መጠለያ» ብለው ቀይረው ግልቢያውን ጎብኚው ዝሆን እንዲያጥብ በማድረግ ተክተውታል። ማጠቡም የሚመስለውን ያህል የዋህ ጨዋታ አይደለም። ዝሆኑ ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር ውኃ ውስጥ እንዲቆም ያው ቁጥጥር ያስፈልጋል። በጥር 2025 ደቡብ ታይላንድ ውስጥ አንዲት ስፔናዊት ወጣት ዝሆን ስታጥብ ተወግታ ሞታለች።

ስለዚህ ትኬት ከመቁረጥ በፊት ደውሎ ዝሆኖቹን መንካት፣ ማጠብ ወይም አብሮ ፎቶ መነሳት ይቻል እንደሆነ መጠየቅ ነው። «አይቻልም፣ ከሩቅ ታያላችሁ» የሚል ካምፕ ከተገኘ፣ ገንዘቡ የሚገባው ለእሱ ነው።