የኬዝ ክሊራንስ ምንድን ነው? ትንሽና ርካሽ ኬዝ ላይ ቁጥሮቹ ለምን ይጣላሉ?

ክሊራንስ ማለት የኮምፒውተሩ ኬዝ (ዕቃዎቹ የሚገጠሙበት ሳጥን) ውስጥ ለአንድ ዕቃ የተተወለት ክፍት ቦታ ነው። በሚሊሜትር ይለካል፣ ያው ካርቶኑ ላይ ወይ ስፔኩ ላይ "ግራፊክስ ካርድ እስከ 330፣ ኩለር እስከ 160፣ ፓወር ሰፕላይ እስከ 180" እየተባለ የሚጻፈው ማለት ነው። ኩለር ፕሮሰሰሩን የሚያቀዘቅዘው ነው፣ ፓወር ሰፕላይ ደግሞ ለሁሉም ኤሌክትሪክ የሚሰጠው። ሰው ሶስቱን ቁጥር ያይና ካለው ዕቃ ጋር አስተያይቶ "ይገባል" ብሎ ይገዛል። ትልቅ ኬዝ ላይ ይሄ ብዙም አያጣላም። ትንሽ ኬዝ ላይ ግን ቁጥሮቹ ለየብቻ እውነት ሆነው አንድ ላይ ሲሆኑ ውሸት ሊሆኑ ይችላሉ፣ ለምን መሰላችሁ፣ ሁሉም የሚቆጥሩት ያንኑ አንድ ባዶ ቦታ ነው። ጠባብ ክፍል ውስጥ አልጋም ቁምሳጥንም ይገባል ቢሏችሁ ልክ ናቸው፣ ሁለቱ ከገቡ በኋላ የቁምሳጥኑ በር ይከፈታል ወይ የሚለውን ግን ማንም አልነገራችሁም።

እሺ ትንሽ ኬዝ ስንል የትኛውን ነው? መለኪያው ማዘርቦርዱ (ሌላው ዕቃ የሚሰካበት ዋናው ቦርድ) ነው። ኢንቴል በ1995 ያወጣው ኤቲኤክስ የሚባለው የቦርድ መጠን 305 በ244 ሚሜ ነው፣ ከሁለት ዓመት በኋላ የመጣው ማይክሮ ኤቲኤክስ ደግሞ 244 በ244። ቪያ በ2001 ያስተዋወቀው ሚኒ አይቲኤክስ 170 በ170 ብቻ ነው። በበጀት ፒሲ ለሚገጥም ሰው በኔ እይታ መሀለኛው ማለትም ማይክሮ ኤቲኤክስ ነው የሚያዋጣው፣ ምክንያቱም ሚኒ አይቲኤክስ ሲባል ቦርዱም ኬዙም ብዙ ጊዜ ይወደዳል፣ አንዳንዱ ኬዝ ላይማ ፓወር ሰፕላዩም ኤስኤፍኤክስ የሚባለው ትንሹ ዓይነት መሆን አለበት፣ ስለዚ በቦታ ያተረፋችሁትን በብር ትከፍሉታላችሁ። ማይክሮ ኤቲኤክስ ኬዝ መደበኛውን ፓወር ሰፕላይ ይቀበላል (ሁሉም አይደለም ግን አብዛኛው)፣ ሚኒ አይቲኤክስ ቦርድም ብታስገቡበት ይገጥማል።

አንድ ነገር ግን አለ፣ "ማይክሮ ኤቲኤክስ ኬዝ" ስለተባለ ብቻ ትንሽ ነው ማለት አይደለም። ስሙ የሚናገረው ቦርዱን እንጂ ኬዙን አይደለም። ሶስቱን ልኬት በሚሊሜትር አባዙና ለአንድ ሚሊዮን አካፍሉት፣ ሊትሩን ታገኛላችሁ። 360 ርዝመት በ200 ስፋት በ350 ቁመት የሆነ ኬዝ 25 ሊትር አካባቢ ይመጣል፣ ይሄ ጥሩ መካከለኛ ነው። በማይክሮ ኤቲኤክስ ስም 40 ሊትር የሚሸጥም አለ፣ እሱ በቃ ትልቅ ኬዝ ነው። ከ20 ሊትር በታች ሲወርድ ደግሞ የምነግራችሁ ጠብ ሁሉ ይብሳል።

አሁን ወደ ጠቡ እንግባ። የመጀመሪያው በግራፊክስ ካርዱና በኬዙ የፊት ክፍል መሀል ነው። 330 ሚሜ ሲባል ብዙ ጊዜ ከኋላኛው ግድግዳ እስከ ፊተኛው ብረት ያለው ነው፣ ማለትም ፊት ለፊት ምንም ሳይኖር። ፊት ላይ ፋን ስታስገቡ መደበኛ ፋን 25 ሚሜ ውፍረት ስላለው ወደ 305 ይወርዳል። ፋኑ ላይ የውሃ ኩለር ራዲያተር ከጨመራችሁ፣ የተለመደው ራዲያተር ብቻውን 27 ሚሜ ገደማ ስለሆነ በድምሩ 52 ይበላና 278 ይቀራችኋል። ባለ ሁለት ፋን ካርዶች ብዙዎቹ ከ200 እስከ 250 ስለሆኑ ችግር የለም፣ ባለ ሶስት ፋኖቹ ግን 300 የሚያልፉ ሞልተዋል፣ እና ስፔኩን አይቶ 330 ተማምኖ 310 ካርድ የገዛ ሰው ወይ ፋኑን ወይ ካርዱን መምረጥ ግዴታው ነው። አንዳንድ ኬዝ ላይ ፋኑ ከብረቱ ውጪ፣ በብረቱና በፊተኛው ሽፋን መሀል ይገባል፣ እንደዛ ከሆነ ምንም አልተቀነሰባችሁም። ይሄንን ከፎቶ መለየት ይቻላል፣ የፊት ሽፋኑ ወልቆ የተነሳውን ፎቶ ፈልጉ።

ርዝመቱን ሁሉም ያያል፣ ውፍረቱን ግን የሚያይ የለም። የካርድ ማስገቢያ ስሎቶች መሀል ያለው ርቀት 20.32 ሚሜ ነው፣ ስለዚ ባለ ሶስት ስሎት የሚባል ካርድ 6 ሴንቲሜትር ገደማ ይወፍራል። ማይክሮ ኤቲኤክስ ኬዝ ብዙ ጊዜ አራት ስሎት ነው ያለው፣ ከስር ደግሞ የፓወር ሰፕላዩ መሸፈኛ አለ። ካርዱ ይገባል፣ አዎ፣ ግን ፋኖቹ አፍንጫቸውን መሸፈኛው ላይ ደፍተው ነው የሚሰሩት። አየር ከየት ይምጣ? ድምጹ ይጨምራል፣ ሙቀቱ ይጨምራል፣ ሰውዬው ካርዱ የተበላሸ ይመስለዋል። መሸፈኛው ላይ ቀዳዳ ያለበት ኬዝ እዚህ ጋ በጣም ያግዛል። በተጨማሪ አዳዲስ ካርዶች የኃይል ኬብላቸው ከጎን ነው የሚሰካው፣ ኬብሉ ወደ መስታወቱ ወጥቶ ይታጠፋል፣ ኬዙ ጠባብ ከሆነ የጎን ሽፋኑ ኬብሉን ተጭኖት ነው የሚዘጋው። ይሄ ዝም ተብሎ የሚታለፍ አይደለም፣ ሶኬቱ ስር አጥብቆ የታጠፈ ኬብል በደንብ ሳይሰካ ቀርቶ ሊግል ይችላል።

ኩለሩ ጋ ስንመጣ ነገሩ ከኬዙ ስፋት ጋር ነው የሚያያዘው። 120 ሚሜ ፋን ያለው የቆመ ኩለር በአብዛኛው ከ150 እስከ 160 ሚሜ ይቆማል። ከዛ ላይ ማዘርቦርዱ የቆመበት ከፍታ አለ፣ ከኋላው ኬብል የሚሄድበት ቦታ አለ፣ ስለዚ ኬዙ 200 ሚሜ ገደማ ካልሰፋ እንደዛ ያለ ኩለር ባይታሰብ ይሻላል። ቀጭን ኬዝ ስታዩ ደስ ይላል ግን ኩለራችሁ ወይ አጭር ይሆናል ወይ ከፕሮሰሰሩ ጋር የመጣው ይሆናል ማለት ነው። መጠነኛ ፕሮሰሰር ከሆነ ያ በቂ ነው እኮ፣ ሁሉም ሰው ግዙፍ ኩለር አያስፈልገውም። ሌላው ደግሞ ስፔኩ ላይ 160 ተብሎ ኩለራችሁ ልክ 160 ከሆነ እኔ አልገዛም፣ ቢያንስ 3 ወይ 4 ሚሜ ትርፍ ይኑር፣ ርካሽ ላሜራ እንደ ቁጥሩ ቀጥ ብሎ አይቆምም።

ከላይ ራዲያተር ለማስገባት ያሰባችሁ ደግሞ ራሙን አትርሱ። ራቁቱን የሆነ፣ ማለትም ማቀዝቀዣ ሽፋን የሌለው ራም 31 ሚሜ አካባቢ ነው የሚቆመው፣ መብራት ምናምን ያለበት ግን 40 አልፎ ይሄዳል፣ 52 ሚሜ የሚሆነው ራዲያተርና ፋን ከላይ ሲወርድ ትንሽ ኬዝ ውስጥ ሁለቱ አየር ላይ ይገናኛሉ። "240 ራዲያተር (ሁለት 120 ሚሜ ፋን የሚይዘው) ከላይ ይቀበላል" የሚለው ጽሁፍ ስር ብዙ ጊዜ በትንንሽ ፊደል "ራሙ ከዚህ ቁመት ካላለፈ" የሚል አለ። ጠቅላላ እውነቱ ያለው ትንንሽ ፊደሎቹ ውስጥ ነው፣ ለዛ ነው ከሽያጭ ገጹ ይልቅ የኬዙን ማኑዋል አውርዳችሁ እዩት የምለው።

ፓወር ሰፕላይ። መደበኛው 150 ስፋት በ86 ቁመት ነው፣ ርዝመቱ ነው የሚለያየው፣ 140 የተለመደው አጭሩ ነው። 180 ይገባል ቢባልም ኬብሎቹ ወጥተው የሚታጠፉበት ጥቂት ሴንቲሜትር ያስፈልጋል፣ ኬብሉ የሚነቀል ዓይነት ከሆነ መሰኪያው ራሱ ቦታ ስለሚይዝ ይብሳል። ከፊቱ የሃርድ ዲስክ ሳጥን አለ፣ እሱ ካልተፈታ ኬብሉን ማስገባት ትግል ነው። እኔ ከተጠየቅኩ ትልቁን ሃርድ ዲስክ ትቼ ማዘርቦርዱ ላይ በቀጥታ የሚሰካውን ኤም ዶት ቱ ኤስኤስዲ ይዤ ሳጥኑን ፈትቼ አወጣዋለሁ፣ ያ ቦታ ለኬብል ይሁን። ሳጥኑ በብሎን የታሰረ ነው ወይስ በሪቬት የተመታ የሚለውን አረጋግጡ፣ በሪቬት ከሆነ ያው ካልተቦረቦረ አይወጣም።

ፓወር ሰፕላዩ ከፊት ወይ ከላይ የሚቀመጥባቸው በጣም ትንንሽ ኬዞችም አሉ። እነሱ ላይ ጠቡ ግልጽ ነው፣ ፓወር ሰፕላዩ በረዘመ ቁጥር ካርዱ ያጥራል፣ ወይ ደግሞ ከፕሮሰሰሩ በላይ ተንጠልጥሎ ኩለሩን ያሳጥረዋል። ጎበዝ አምራች ሰንጠረዥ ያወጣል፣ ይሄን ያህል ሰፕላይ ከሆነ ይሄን ያህል ካርድ እያለ። እንደዚህ ዓይነት ሰንጠረዥ ያለው ኬዝ ሳይ ደስ ይለኛል፣ የሰራው ሰው ራሱ ገጥሞ አይቶታል ማለት ነው።

ርካሽነቱስ? ርካሽ ኬዝ መጥፎ አይደለም፣ የት ጋ እንደቆጠቡ ማወቅ ነው። ላሜራው ቀጭን ይሆናል፣ ግማሽ ሚሜ ወይ ከዛ በታች፣ የጎኑን ሽፋን በጣት ጫን ስትሉት ይዋዥቃል፣ በኋላ ፋን ሲዞር የሚያንቀጠቅጠውም እሱ ነው። የስሎት መዝጊያዎቹ ተሰብረው የሚወጡ ዓይነት ይሆናሉ፣ አንዴ ከሰበራችሁ መልሶ የሚዘጋ የለም። ጠርዙ ስለት ይሆናል፣ ስትገጥሙ እጃችሁን ጠብቁ። እነዚህን ሁሉ እኔ እታገሳለሁ። የማልታገሰው አብሮ የሚመጣ ስም የለሽ ፓወር ሰፕላይ ነው። "ኬዝ ከነ ፓወሩ" ሲባል ቅናሽ ይመስላል ግን ፒሲው ውስጥ ሲበላሽ ሌላውን ይዞ ሊሄድ የሚችለው ዕቃ እሱ ነው፣ ስለዚ ኬዙን ብቻውን ግዙና ሰፕላዩን ለብቻ ምረጡ።

ፋኖቹንም ቁጠሩ። ዋጋው ዝቅ ያለ ኬዝ ከኋላ አንድ ፋን ብቻ ይዞ ወይ ጭራሽ ባዶውን ይመጣል፣ ሁለት ፋን ስትጨምሩበት ከፋን ጋር ከሚመጣው ከሌላው ኬዝ ሊበልጥ ይችላል። አብረው የመጡት ፋኖች በሞሌክስ (ከፓወር ሰፕላዩ በቀጥታ በሚመጣው መሰኪያ) የሚሰኩ ከሆኑ ሁሌም በሙሉ ፍጥነት ይጮሃሉ፣ ማዘርቦርዱ ሊያዛቸው አይችልም። ባለ ሶስት ፒን ወይ ባለ አራት ፒን ከሆኑ ፍጥነታቸውን ማስተካከል ይቻላል።

የፊት ገጽታው ላይ ክርክር የለኝም፣ ወንፊት። ከፊት ድፍን መስታወት ያለው ኬዝ አየሩን በጎን ባለች ስንጥቅ ነው የሚስበው፣ ትንሽ ኬዝ ደግሞ ውስጡ ያለው አየር ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ይሞቃል። መስታወቱን ከጎን አድርጉት፣ ውስጡን ማየት ከፈለጋችሁ። ከፊትና ከስር የሚታጠብ የአቧራ ማጣሪያ ቢኖረው ጥሩ፣ የሚያስገባው ፋንም ከሚያስወጣው ይብለጥ፣ እንደዛ ሲሆን አየር በየስንጥቁ ይወጣል እንጂ አቧራ ይዞ አይገባም።

ሰው የማያስበው ክሊራንስ ደግሞ አለ፣ የኬብል መሰኪያ ክሊራንስ። የፊተኛው ዩኤስቢ 3.0 ኬብል ባለ 19 ፒን ወፍራምና ድርቅ ያለ ጭንቅላት አለው፣ ርካሽ ቦርዶች ላይ መሰኪያው ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ስለሚቆም ረጅም ካርድ ሲመጣበት ኬብሉ በግድ ይታጠፋል፣ በግድ ሲታጠፍ ደግሞ ፒኑ ወይ ፕላስቲኩ ይሰበራል። ኬዙ ፊቱ ላይ ታይፕ ሲ ካለው ደግሞ ቦርዳችሁ የሱ መሰኪያ እንዳለው እዩ፣ ብዙ የበጀት ቦርዶች የላቸውም፣ ያኔ ቀዳዳው ለጌጥ ይቀራል፣ እናንተ ግን ከፍላችሁበታል። ከማዘርቦርዱ ጀርባ ለኬብል የተተወው ቦታ ከ15 ሚሜ በታች ከሆነ ባለ 24 ፒኑን ዋና ኬብል ይዛችሁ ሽፋኑን መዝጋት በጉልበት ነው፣ 20 ከሆነ ትተነፍሳላችሁ።

ሳትገዙ ለመሞከር የሚሆን አንድ ቀላል ዘዴ አለ። የካርዱን ርዝመት፣ ስፋትና ውፍረት ከስፔኩ ወስዳችሁ ካርቶን ቆርጣችሁ አጣብቁ፣ ኬዙን በአካል ማየት ከቻላችሁ ካርቶኑን ውስጡ አስቀምጡት፣ ከዛ 25 ሚሜ ለፋኑ ቆጥራችሁ እዩ። ካርቶኑ ቆሞ ዩኤስቢው የሚሰካበት ጋ እጅ ይገባል ወይ? ቁጥር ላይ የማይታየውን ይሄ ያሳያችኋል።

ስትገጥሙ ደግሞ ቅደም ተከተሉ ከትልቅ ኬዝ ይለያል። ኩለሩን፣ ራሙን፣ ኤስኤስዲውን ቦርዱ ውጪ እያለ ግጠሙ፣ የፕሮሰሰሩን ባለ 8 ፒን ኬብል በላይኛው የግራ ጥግ ቀዳዳ ቀድማችሁ አሳልፉት፣ ቦርዱና ከላይ ያለው ፋን ከገቡ በኋላ እዛ ጥግ ጣት አይደርስም። የኋላውን የቦርዱን መሸፈኛ ላሜራ ቦርዱን ከማስገባታችሁ በፊት ነው የሚያስገቡት፣ የፊት ገጽ ትንንሽ ሽቦዎቹም ካርዱ ሳይመጣ ይሰኩ። ካርዱ የመጨረሻ ነው። እና ካቻቢቴ ከማንሳታችሁ በፊት ቦርዱን የሚሸከሙት ቢጫ ስታንድኦፎች ከቦርዱ ቀዳዳዎች ጋር አንድ በአንድ መግጠማቸውን እዩ፣ በተለይ ኬዙ ውስጥ ሚኒ አይቲኤክስ ቦርድ ካስገባችሁ ቀዳዳ የሌለበት ቦታ የቀረ ስታንድኦፍ ቦርዱን ከጀርባው ነክቶ ሾርት ሊያደርገው ይችላል፣ የተረፈውን ፍቱት።